ጥያቄውን ማን ይምረጥ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ብዝኃነት በተወራ ቁጥር የሚነሳው የቅበላ ጉዳይ ነው። ስንት ሴት ገባች፣ ከየትኛው ወገን ስንት ሰው ተቀበልን። መቆጠሩ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከገቡ በኋላ ያለው ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ምን እንደሚያጠና የሚወስነው ማን ነው?

ጆይ ቡኦላምዊኒ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ሳለች ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ፊቷን አላይ አላት። ነጭ ጭንብል ስታጠልቅ ግን ወዲያው አየ። እሷም ይህንኑ የመመረቂያ ጥናቷ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የታወቁ ኩባንያዎች ሶፍትዌር የጠቆረ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች ፆታ ሲለይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳት ነበር። ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፊቱ ሁሌም የሚለይለት ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ላያነሳው ይችላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አልገጠመውማ!

ጆስሊን ቤል በርኔልም አለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሆና፣ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚመዘግበው ቴሌስኮፕ በየቀኑ የሚያወጣውን 30 ሜትር ገደማ ወረቀት በዓይኗ ትፈትሽ ነበር። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እንግዳ ጭረት አየችና አላለፈችውም። ፑልሳር የተባሉት ከዋክብት የተገኙት እንዲህ ነው። «ቦታዬ አይደለም፣ ያባርሩኛል» የሚል ስጋት ስለነበረባት ምንም እንዳያመልጣት ትጠነቀቅ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የፊዚክስ ኖቤል ለአማካሪዋ ሲሰጥ እሷ አልተካተተችም። እ.ኤ.አ. በ2018 ያገኘችውን የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ደግሞ በፊዚክስ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች ለሚመጡ የዶክትሬት ተማሪዎች ሰጠችው። ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት በደንብ አውቃለች።

ዛሬም ብዙ ተማሪ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣና የአማካሪውን ፕሮጀክት ሠርቶ ይመረቃል። «ርዕስህ ጠባብ ነው፣ ገንዘብ አያመጣም» ይባላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በራሱ ጥያቄ የሚወዳደርበት የምርምር ገንዘብ ይመድቡ፤ ትንሽም ቢሆን።

ሌላም አለ። የመስክ ወጪህን ከኪስህ ሸፍን፣ ደረሰኝ አምጣ፣ በኋላ ይተካልሃል የሚል አሠራር በብዙ ቦታ አለ። ቤተሰቡ የሚረዳው ይሄዳል፤ የሌለው ርዕሱን ይቀይራል። ይህን ለማስተካከል ኮሚቴ አያስፈልግም። ገንዘቡን ከጉዞው በፊት መክፈል ይበቃል።

አንድ አንባቢ