ለሕመም የሚወሰድ ካናቢስ ከሐኪም አይደበቅ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ሥር ለሰደደ ሕመም ስለሚሰጡ ከካናቢስ (ማሪዋና) የተሠሩ መድኃኒቶች ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በእኛ ዘንድ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳን ጉዳይ በአደባባይ ማቅረባችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ሜሪላንድ ውስጥ በፋርማሲ ሙያ ተሰማርቼ ወገኖቻችንን በየዕለቱ ስለማገኝ፣ ጽሑፉ ያለፈው አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ እነዚህን ምርቶች የሚወስዱ ብዙ እናቶችና አባቶች ነገሩን ለሐኪማቸው አይናገሩም።

በመጀመሪያ «ካናቢስ ሕመም ያስታግሳል» ብሎ በጅምላ መናገር ትክክል አይደለም። በተክሉ ውስጥ ከሚገኙት በርካታ ንጥረ ነገሮች መካከል ዋነኞቹ ቲኤችሲ እና ሲቢዲ ሲሆኑ፣ የሚያሰክረው ራፋኤል መሹላምና ይኽኤል ጋኦኒ በ1964 እስራኤል ውስጥ ነጥረው ያወጡት ቲኤችሲ ነው። ሲቢዲ አያሰክርም፤ በየሱቁ በጠብታና በከረሜላ መልክ የሚሸጠውም በአብዛኛው እርሱ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ከሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት ያጸደቀው ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እንጂ ለሕመም ማስታገሻነት አይደለም። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 ቲኤችሲ ያለባቸው ምርቶች ሥር ለሰደደ ሕመም እንዳይሰጡ፣ ሲቢዲም ከምርምር ውጭ እንዳይታዘዝ መክሯል። በሌላ በኩል በ2021 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ፣ የተለመደው ሕክምና ላልበቃቸው ሕሙማን የማይጨስ ካናቢስ ቢሞከር የሚል፣ ጠንካራ ያልሆነ ምክር ሰጥቷል። እንግዲህ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ እኔም የስኳር ሕመም እግሩን እየለበለበ እንቅልፍ የነሳውን ሰው፣ ሌላ ማስታገሻ ጨጓራውን ወይም ኩላሊቱን የጎዳበትን ሰው፣ ለምን ሞከርክ ብዬ ልወቅሰው አልችልም።

የሚያስፈራኝ አሞካከሩ ነው። የአንዱን የሲቢዲ ጠርሙስ ነገር ላንሳ። በላዩ ላይ «1000 ሚሊ ግራም» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ግን 30 ሚሊ ሊትር በያዘው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጠቅላላ መጠን ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ሲወሰድ ወደ ሰውነት የሚገባው 33 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ልጅ ለእናቱ ገዝቶ ሲሰጥ ይህን ልዩነት የሚያስረዳው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። በዚያ ላይ የጠርሙሱ ጽሑፍ ራሱ የሚታመን ላይሆን ይችላል። በ2017 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት በኢንተርኔት ከተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ውስጥ በላያቸው የተጻፈውን መጠን በትክክል የያዙት ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አልሞሉም፤ በ18ቱ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። በአፍ የተወሰደ ቲኤችሲ ኃይሉ የሚሰማው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ በመሆኑ፣ «አልሠራልኝም» ብለው የሚደግሙ አረጋውያን ራሳቸውን አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ።

ከሁሉ የከፋው ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው። አገር ቤት ሳሉ በሩማቲክ የልብ ሕመም የልባቸው ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) ተጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛም ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ሲቢዲ ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያዳክም፣ ያው የተለመደው ክኒን ደሙን ከሚገባው በላይ ሊያቀጥነውና መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሙ ካወቀ የደም ምርመራውን አቀራርቦ የዋርፋሪኑን መጠን ያስተካክላል። ካላወቀ ግን የምርመራው ውጤት ለምን እንደተዛባ ግራ ይገባዋል እንጂ ሊረዳቸው አይችልም።

ዝምታው የሚመጣው ከነውር ብቻ አይደለም፤ ሕጋዊ ስጋትም አለው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ካናቢስን ለአዋቂዎች ብትፈቅድም፣ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ አጠቃቀም እንኳ የዜግነት ጥያቄን ሊያሰናክል እንደሚችል አስታውቋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመጀመሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል። ይህ ስጋት ግን ከሐኪም ለመደበቅ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ሐኪም የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል። ጠርሙሱን ለአዲስ አበባ ዘመድ በሻንጣ መላክ ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። ካናቢስ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ መንገደኛው በሚያልፍባቸው በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ለእስር ይዳርጋል።

ጋዜጣችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ የሕመም ሐኪም፣ ፋርማሲስትና የኢሚግሬሽን ጠበቃ የአንባቢያንን ጥያቄ በአማርኛ የሚመልሱበት አንድ ገጽ እንዲያዘጋጅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሙያዬ በኩል የሚጠበቅብኝን ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ