ለሎጂክ ኮርስ ሁለቴ ለከፈልን ተማሪዎችም ቦታ ስጡን

ለአዘጋጁ፣

ተማሪዎች ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወሩ ስለሚገጥማቸው ነገር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮችን አነጋግራችሁ «ተማሪው ትራንስክሪፕቱን ካቀረበ የወሰዳቸው ኮርሶች ይያዙለታል» ብላችሁ ደመደማችሁ። እሰይ! በግል ኮሌጅ ማታ ማታ የምንማረው ግን የት ገባን?

ሌላውን ትቼ ትራንስክሪፕት በማቅረቡ ላይ ልቁም። ተማሪ እጁ ላይ የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ ነው። ተቀባዩ ኮሌጅ በሱ አይሠራም። ኦፊሻሉ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው። ለማስላክ ክሊራንስ፣ ማለትም ከኮሌጁ ዕዳ ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት፣ ይጠየቃል። እኔ እማርበት የነበረው ኮሌጅ «ተማሪ አነሰ» ብሎ የማታውን ክፍል በሴሚስተሩ መሃል ዘጋው። ከዚያ ፋይናንስ ክፍሉ ያልተማርኩበትን ወር ካልከፈልሽ ክሊራንሱ ላይ አልፈርምም አለኝ። ከፈልኩ። ምን ላድርግ?

አዲሱ ኮሌጅ ደግሞ ኮርስ አውትላይን (የየኮርሱን የይዘት ዝርዝር) አምጪ አለኝ። አመጣሁ። ከሲ በታች ያመጣሁትን አንይዝም ቢሉኝ አልከራከርም። የሜጀር ኮርሶቹን አጥብቀው ቢያዩም እውነት አላቸው፤ ዲግሪው ላይ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችስ? እነዚህ እኮ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገሪቱ ተቋማት አንድ ተደርገው የወጡ ናቸው። ሞጁሉ የተዘጋጀው በያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነው።

ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ላይ ቢ ፕላስ ነበረኝ። «ይዘቱ ከኛ ጋር አይገጥምም» ተባልኩ። የናንተን አሳዩኝ ብዬ ሁለቱን ሞጁሎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሽፋኑ ያው፣ ምዕራፎቹ ያው፣ የገጹ ብዛት ያው። የኔው በስቴፕለር ተይዟል፣ የነሱ ስፓይራል ተደርጓል። የይዘት ልዩነቱ ይኼ ይሆን? ሠራተኛዋ አየት አደረገቻቸውና «እህቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» አለችኝ። መቼስ ስለ ፋላሲ፣ ስለ ተሳሳተ አመክንዮ፣ የሚያወራውን ምዕራፍ ደግሜ ስማር ምሳሌ አላጣም።

ቀልዱን እንተወው፤ ነገሩ የገንዘብ ነው። ኮሌጁ የሚያስከፍለኝ በክሬዲት አወር ነው። አንድ ባለሦስት ክሬዲት ኮርስ አልይዝም ባለ ቁጥር የሦስት ክሬዲት ክፍያ ያገኛል። ስንቱ እንደሚያዝልኝ የሚወስነውም ያው ኮሌጅ ነው። ሻጩም እሱ፣ መዛኙም እሱ። ዘጋቢያችሁ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ወጥተን ስንሰለፍ አንዳችንን ቢጠይቅ ኖሮ ይህን ለመስማት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በአንድ ዓይነት ትምህርት የሚመረቅ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የሚቀመጠው ለአንድ ፈተና ነው። ለመመረቅ እኩል የምንመዘን ከሆነ፣ የተማርነው ያው ሞጁል ኮሌጅ ስንቀይር ለምን ዋጋ ያጣል?

ዘገባውን ታርሙት እንደሆነ ኮሌጆችን ለሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ አድርሱልን። የጋራ ኮርስ አልይዝም የሚል ኮሌጅ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይገደዳል ወይ? እኔ እስካሁን የተነገረኝ ሁሉ በቃል ነው። በቃል የተነገረኝን ይዤ የት ሄጄ አቤት ልበል? መልሱን ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ብታወጡልን ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላማ ከፍለን ክፍል ገብተናል።

የማታ አካውንቲንግ ተማሪ
ከአዲስ አበባ