የአባቴ የማለዳ መንገድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም በባጃጅ ሆኖ ነበር። ዓምና ወንድሜ በየማለዳው ይዟቸው መውጣት ጀመረ፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን። መንገድ ላይ ሰላምታው ብቻ ጊዜ ይፈጃል። ዛሬ የጎረቤት ልጆችን ስም ሳይሳሳቱ ይጠራሉ። ከእርምጃው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ደስታቸው ግን በዓይኔ የማየው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። በሳምንት 3 ቀን እስከ 40 ደቂቃ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለትውስታ ዋና የሆነው የአንጎል ክፍል፣ 2 በመቶ ያህል ጨመረ። ሰውነት ማሳሳብ ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው።

ዕረፍትም ከዚሁ አይለይም። አንጎል ቀን የያዘውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ነውና፣ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሽማግሌ ቀን ጋደም ቢሉ እባካችሁ አትቀስቅሷቸው።

የሚመለከተው አካልም በደብረ ማርቆስ የእግረኛ መንገድ ላይ የተከመረውን አሸዋና ድንጋይ ያንሳልን። አባቴ እዚያ ሲደርሱ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳሉ፤ ያኔ ልቤ ይሰቀላል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ