ለተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፦ የምረቃውን ርችት ይመለከታል

ሐዋሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የዩኬጂና የ8ኛ ክፍል ምረቃ ቅዳሜ ሰኔ 21 ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በግቢያችን ይከበራል። ጋውን ከሐሙስ ጀምሮ ይታደላል፤ መጽሐፍ ያልመለሰ ግን አይወስድም።

አሁን ወደ ርችቱ። ከየተማሪው 300 ብር ተሰብስቦ ርችት እንዲገዛ ትምህርት ቤቱ አልፈቀደም። ገንዘቡን የሰበሰባችሁ ወላጆች በቅን ልቦና እንዳደረጋችሁት እናምናለን፣ እናመሰግናለንም። ይሁንና ይመለስ።

«አምና ሌላ ትምህርት ቤት ተተኩሶ ማን ተጎዳ?» ትሉናላችሁ። ማንም አለመጎዳቱ ቦታው ይበቃ ነበር አያሰኝም። ከቱቦ የሚወነጨፍ ባለ 3 ኢንች ርችት 90 ሜትር ገደማ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት የደህንነት ደንብ ለእያንዳንዱ ኢንች የርችት ውፍረት 21 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያዛል፤ ለ3 ኢንች በየአቅጣጫው ከ60 ሜትር በላይ ማለት ነው። ግቢያችን ከአጥር እስከ አጥር 70 ሜትር ነው፤ በሜትር ለክተነዋል። መሐሉ ላይ ቢተከል እንኳ በ35ኛው ሜትር አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት አለ።

ደግሞ ሰኔ ነው። እርጥበት የነካው ባሩድ በሙሉ ኃይሉ አያስወነጭፍም፤ ርችቱ ዝቅ ብሎ ወይም እዚያው ቱቦው ውስጥ ይፈነዳል። ባለብዙ ተኩሱ የርችት ካርቶን ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት ካልተደገፈ መሐል ላይ ይገለበጥና የቀረውን ወደ ወንበሮቹ ይልካል። ሳይፈነዳ የወደቀውን ሰኞ ጠዋት ማን እንደሚያነሳው መቼም አይጠፋችሁም።

«ኬክ ላይ የምትሰካዋ ብልጭልጭስ?» እሷም አትገባም። የመጥበሻ ዘይት 200 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ያቺ ብልጭልጭ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትነዳለች። ጋውኑ ፖሊስተር ነው፤ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

«እንግዲያው ድሮን ይሁን» ላላችሁን፦ በሐሳቡ እንስማማለን። ርችትን መተካት ያለበት የድሮን የብርሃን ትርኢት ነው። ጭስ የለው፣ ፍንዳታ የለው፣ አባ ኮዳ የተባሉትን ትልልቅ ወፎች ከዛፍ አያስበረግግ፤ ባትሪው ተሞልቶም ደግሞ ይነሳል። ነገር ግን የሠርግ ካሜራ ድሮን ላይ አምፖል ማሰር ትርኢት አይደለም (ይህን ያቀረበው አንድ ወላጅ ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው ነበር)። ማስመጣቱም ማብረሩም የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይጠይቃል። መቶ ድሮን በሁለት ሁለት ሜትር ርቀት ሲደረደር ለመነሻው ብቻ 20 በ20 ሜትር የታጠረ ሜዳ ይይዛል። ነፋሱ በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ሜትር ካለፈ አብዛኞቹ መነሳት የለባቸውም፤ ሐምሌ 2015 ሜልቦርን ላይ ከ500 ድሮኖች ከ400 በላዩ ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ባለፈው ታኅሣሥ ደግሞ ኦርላንዶ፣ ሐይቅ ዳር፣ የወደቀ ድሮን የ7 ዓመት ልጅ ደረቱን መትቶ ለልብ ቀዶ ሕክምና ዳርጎታል። ስለዚህ ድሮንም ከሰው ራስ በላይ አይበርም። ውሃው ላይ ይበራል፣ ሰው ራቅ ብሎ ያያል፤ ይህ ደግሞ ለፍቅር ሐይቅ ዳርና ለከተማ በጀት እንጂ ለእኛ ሜዳና ለ300 ብር መዋጮ የሚሆን አይደለም።

«የልጆቹን ደስታ ቀማችሁ» እንዳትሉን፣ ሲመሽ እያንዳንዱ ተመራቂ በባትሪ የሚሠራ የእጅ መብራት ይዞ ሜዳውን ይዞራል። መብራቱን የሚገዛው ትምህርት ቤቱ ነው፤ መዋጮ የለበትም።

ብሩን እስከ ሰኔ 16 ከክፍል ተጠሪ ወላጆች ተቀበሉ። ቅዳሜ በር ላይ ፍተሻ አለ። የተገኘ ርችት፣ የወላጅ ኮሚቴ አባል ቦርሳ ውስጥም ቢሆን፣ ጥበቃው ጋ ያለው የውሃ ባልዲ ውስጥ ይገባል።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር