ዶፕለሯን አትላኩላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች አገር ቤት ላለች ነፍሰ ጡር እህት የምንልከው ዕቃ ውስጥ፣ ከቫይታሚኑና ከሕፃን ልብሱ ጋር፣ የፅንስ ልብ ማዳመጫ መጨመር ጀምረናል። ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ የምትደረገዋን ትንሿን ዶፕለር ማለቴ ነው። አሳቢነቱ ይገባኛል። ግን አትላኩ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጨረር ነው። ጨረር የለውም፣ እንደ ራጅ አይደለም፣ እንደ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ነው። ሐኪም ያዘዘውን አልትራሳውንድ ማንም አይፍራ። ቢሆንም ሞገዱ ሰውነትን በትንሹ ሊያሞቅ ይችላል፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም በ2014 እ.ኤ.አ. ለማስታወሻ ቪዲዮ ተብሎ ብቻ አልትራሳውንድ መነሳቱንም፣ ቤት ውስጥ በዶፕለር ማዳመጡንም ተዉት ያለው ለዚሁ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሙቀቱ አይደለም። ያልሰለጠነ ጆሮ የራሷን የእናትየዋን የደም ሥር ወይም የእንግዴ ልጁን የደም ፍሰት ሰምቶ «ይኸው፣ ደህና ነው» ይላል። የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል፣ የደነገጠች እናት ልብም እዚያው ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርም ብዙ አይረዳም። ደግሞ የተጎዳ ፅንስም እኮ ልቡ ይመታል! በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ታሪክ አለ፦ 38 ሳምንት የሞላት እናት የልጇ እንቅስቃሴ ቀነሰባት፣ በቤቷ ዶፕለር ድምፅ ሰማች፣ ተረጋጋች፣ ቀናት አልፈው ሆስፒታል ስትሄድ ፅንሱ ሕይወቱ አልፎ ነበር። በተቃራኒው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ምቱ አልገኝ ብሏት በከንቱ ስታለቅስ የምታድርም አለች።

እህታችሁ «ዛሬ ልጁ እንደ ወትሮው አልተንቀሳቀሰም» ካለች፣ ጣፋጭ ቅመሺ፣ እስኪነጋ ጠብቂ የሚላትን አትስማ። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ፣ በእርግዝናው ሁሉ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል፤ የመሣሪያዋን ዋጋ ለዚያና ለሌሊት ታክሲ ላኩላት። ዶፕለሯ ቀድማ ደርሳ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ይህን ንገሯት፦ እንቅስቃሴው የቀነሰ ዕለት ከካርቶኗ አታውጣት።

አዋላጅ ነርስ፣ ከሜሪላንድ