ጉዳዩ፦ በሊኑክስ ኮምፒውተሮቻችሁ ላይ ስለሚጠየቀው የጃቫ ፕለጊን

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ኡቡንቱ ከጫንንላቸው ቢሮዎች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ እየደረሰን ነው። የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ስትከፍቱ የጃቫ ፕለጊን (ብራውዘር ውስጥ ተሰክቶ የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ተጨማሪ ሶፍትዌር) ያስፈልጋል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ታዲያ ለምን አብራችሁ አልጫናችሁልንም ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሳ ካለ፣ ያ ገጽ ካልተከፈተ በቀር ሰው ማሽኑ ያለበት ክፍል ድረስ ሄዶ ሞኒተርና ኪቦርድ መሰካት ግድ ይሆንበታል።

መልሱ ባጭሩ፣ ዛሬ በምትጠቀሙበት ብራውዘር ላይ የጃቫ ፕለጊን መጫን አይቻልም። ፕለጊኑ የሚሰካበት ቦታ ራሱ ከብራውዘሮቹ ውስጥ ወጥቷል። ክሮም በሊኑክስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ማርች 2017 በወጣው 52ኛ እትሙ እንዲህ ያሉ ፕለጊኖችን መቀበል አቁመዋል። ኦራክልም በ2018 ካወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ ፕለጊኑን አስቀርቶታል።

በሊኑክስ በኩል ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው አይስድቲ-ዌብ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2007 የጃቫን ኮድ ክፍት ሲያደርግ ፕለጊኑን አላካተተም ነበር፤ ሬድ ሃት በዚያው ዓመት የጀመረው የአይስድቲ ፕሮጀክት ጉድለቱን በራሱ መንገድ ሞላው። ለእናንተ የሚጠቅመው ነገር፣ አይስድቲ-ዌብ ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ብራውዘር ውስጥ ተቀምጦ አፕሌት፣ ማለትም በገጹ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም፣ የሚያስኬደው ነው፤ እሱ ከብራውዘሮቹ ጋር አብሮ ቀርቷል። ሁለተኛው ከብራውዘር ውጭ ሆኖ ጄኤንኤልፒ (.jnlp) የሚባሉትን የጃቫ ፕሮግራም ማስነሻ ፋይሎች የሚከፍተው ሲሆን ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የኮንሶሉን (የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ የሚያሳየውን መስኮት) ቁልፍ ስትጫኑ የሚሆነውን ተመልከቱ። ፋይል ከወረደና የስሙ መጨረሻ ጄኤንኤልፒ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አይድራክ 6 (የዴል ሰርቨሮች መቆጣጠሪያ) እና ብዙዎቹ የቆዩ ሱፐርማይክሮ ሰርቨሮች እንዲህ ናቸው። በኡቡንቱ 20.04 እና 22.04 ላይ ሁለተኛውን ክፍል የያዘውን አይስድቲ-ኔትክስ የሚባለውን ፓኬጅ ከራሱ ከኡቡንቱ ማከማቻ እንጭንላችኋለን፤ ከዚያ በኋላ የወረደውን ፋይል በእሱ መክፈት ብቻ ነው። የቆዩ ኮንሶሎች ከአዲስ ጃቫ ጋር ስለማይስማሙ ኦፕንጄዲኬ 8 የሚባለውን ክፍት ጃቫም አብረን እናስገባለን። ሁለት ጃቫ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን መኖር ይችላል፤ የትኛው ይነሳ የሚለውን ሲስተሙ ላይ መወሰን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሁሉም ተጭኖ ሳለ ግንኙነቱ አልተሳካም የሚል መልእክት ይመጣል። ኤፕሪል 2021 የወጡት የጃቫ ማሻሻያዎች ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የተባሉትን የቆዩ የምስጠራ ዘዴዎች ዘግተዋል፤ የቆዩ ሰርቨሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ሌላ አያውቁም። ክልከላው የተጻፈው በጃቫ የደህንነት ፋይል ውስጥ ስለሆነ ሊነሳ ይችላል። ግን ከተነሳ የሚነሳው ለዚያ ኮንሶል ብቻ ሳይሆን በዚያ ጃቫ ለሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ባንክ በምትከፍትበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አንሠራም፣ ብትለምኑንም።

ፋይል ሳይወርድ ገጹ ራሱ ውስጥ ባዶ ሳጥን የሚታይ ከሆነ አፕሌት ነው። የኤችፒ ሰርቨሮች መቆጣጠሪያ የሆነው አይሎ 2 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን የሚከፍተው የድሮ ፋየርፎክስ 52 ኢኤስአር (ለድርጅቶች የወጣ፣ ፕለጊን መቀበሉን የቀጠለ የ52ኛው ልዩ እትም) ከድሮው የአይስድቲ ፕለጊን ጋር ተጣምሮ ነው፤ የዚያ ፋየርፎክስ የደህንነት ማሻሻያ ደግሞ በ2018 ቆሟል። ስለዚህ የምናዘጋጀው በቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር) ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት አይኖረውም፣ የሚያየው ሰርቨሩን ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈርምዌሩን (በሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) እንይ። አይድራክ 7 እና 8፣ እንዲሁም አይሎ 4 ኋላ በወጡ ፈርምዌሮች ጃቫ የማይፈልግ ኮንሶል አግኝተዋል። ማሽናችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ፕለጊን ፍለጋው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፍለጋ ላይ ካገኛችሁት ገጽ ጃቫ አውርዳችሁ ለመጫን ሞክራችኋል። እባካችሁ ተዉት። ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ጃቫ መጫን በር ከፍቶ እንደማደር ነው። ከኦራክል የመጣ ቢሆንም እንኳ፣ ከኤፕሪል 2019 ወዲህ ለጃቫ 8 የሚወጡትን ማሻሻያዎች ለድርጅት ሥራ መጠቀም ክፍያ ይጠይቃል። ኦፕንጄዲኬ ግን ነፃ ነው፣ ማሻሻያውም ከኡቡንቱ ጋር ይመጣል።

ስትደውሉልን የሰርቨሩን ሞዴልና የፈርምዌሩን ቁጥር አዘጋጅታችሁ ጠብቁን፤ የሚታየውን መልእክት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልን ሥራው ይፈጥናል። ፓስወርዱን ግን በቴሌግራም አትላኩ፤ ባለሙያችን ሲመጣ ራሳችሁ ታስገባላችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍል