ፎርማት አታድርገው

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ከተያየን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ቁጥርህን አውጥቼ ሳልደውል የተውኩባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ዛሬ የምጽፍልህ ወንድምህ ትናንት ማታ አንድ ነገር ስለነገረኝ ነው። ላፕቶፕህ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ኡቡንቱን፣ አፕዴት ካደረግክ በኋላ ጥቁር ስክሪን ብቻ እያሳየህ ነው አሉ። ቅዳሜ ፎርማት አድርጌ እገላገላለሁ ብለሃል አለኝ።

እባክህ አታድርገው። ቢያንስ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ታገሰኝ።

ለምን እንደምለምንህ ታውቃለህ። የዚያን ማታውን ነገር አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም። ፓስወርድህን ታስገባለህ፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ደግመህ ታስገባለህ፣ ደግሞ ይመልስሃል። ሃያ ጊዜ ሳንሞክር አልቀረንም። በመጨረሻ ‹‹ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫነው›› ያልኩህ እኔ ነኝ። ‹‹ፋይሎቼስ?›› ስትለኝ ‹‹ባካፕ አለህ አይደል?›› ብዬ መልስህን በቅጡ ሳልሰማ ፍላሹን ሰካሁት። የእናትህ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። በነጋታው ስትነግረኝ ድምፅህን ከፍ እንኳን አላደረግክም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

የጠፋሁት ረስቼህ አይደለም። ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ያኔውኑ ማለት ነበረብኝ።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያው ችግር በራሴ ኮምፒውተር ላይ መጣ። ፓስወርድ፣ ብልጭታ፣ እንደገና ፓስወርድ። በዚያን ቀን ግን ማስረከብ የነበረብኝ ሥራ ውስጡ ስለነበር ፎርማት የማድረግ ድፍረቱ አልነበረኝም። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫንኩ። ስዕል የሌለው ጥቁር ገጽ መጣ፤ ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝና አስገባኝ። ያለ ምንም ችግር! ፓስወርዱ ልክ ነበር፣ ሲስተሙም ደህና ነበር ማለት ነው። የታመመው ዴስክቶፑ ብቻ ነው።

ከዚያ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። (ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፍልህ፤ አንተ በላቲን ፊደል ታስገባቸዋለህ።) በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ስንት ቦታ እንደተያዘና ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። የዋናው ክፍል መስመር ላይ 100 በመቶ ይላል። ዲስኩ ሞልቷል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዴስክቶፑ ሲከፈት ትናንሽ ፋይሎች መጻፍ አለበት። የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ይወድቅና ወደ ፓስወርዱ ገጽ ይመልስሃል። ሲስተሙ ራሱስ እንዴት ተነሳ ብትል፣ ኢኤክስቲ4 የሚባለው የፋይል አሠራር ዲስኩ ሲዘጋጅ 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው፣ ለሩት፣ ለይቶ ያስቀምጣል። እኔና አንተ እንደ ተራ ተጠቃሚ ቦታ ብናጣም ሩት አላጣም።

ቦታውን የበላውን መፈለግ ቀረ። ዲዩ የሚባለው ትእዛዝ የየፎልደሩን ክብደት ይነግርሃል። የራሴ ፋይሎች በሚቀመጡበት በቤት ፎልደሬ (ሆም) ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ በተራ እይታ የማይታይ አንድ ፋይል ተገኘ። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ለወራት ያንኑ የስህተት መልእክት እየደጋገመ ሲጽፍበት ኖሮ በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ደርሷል። አጠፋሁት። ኮምፒውተሩን አስነሳሁና ፓስወርዴን አስገባሁ። ገባሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ብዙ ቆየሁ። ያን ማታ ያንተም እንደዚያው ይሁን አይሁን አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የቤት ፎልደሩ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ፋይል ባለቤትነቱ ወደ ሩት ሲዞርም ያው ምልክት ይመጣል፤ ሰው የዴስክቶፕ ፕሮግራም በሱዶ፣ የሩትን ሥልጣን በሚሰጠው ትእዛዝ፣ ሲከፍት የሚደርስ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ባለቤትነቱን መመለስ እንጂ ፎርማት አይፈልግም። ያን ማታ ለአንተ የጎደለህ ሩብ ሰዓት ትዕግስት ነበር፤ ያንን የነፈግኩህ ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ኮምፒውተሬ ተበላሸ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹‹ማሽኑ ምን አለህ?›› ብዬ ነው። ማሽኑ ይናገራላ! ኡቡንቱ በተሠራበት በሊነክስ ላይ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሆነ ቦታ የተጻፈ መስመር አለ። እኛ ነን ሳናነበው የምንዘለው።

አሁን ወዳንተ ጥቁር ስክሪን ልምጣ።

ከአፕዴት በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው አዲሱን ከርነል፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ነው፤ ወይም የግራፊክስ ካርድህ ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከአዲሱ ከርነል ጋር አልተስማማም። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን ወዲያው አያጠፋም። የሚያስቀምጠውም እንደዚህ ላለ ቀን ነው። ማሽኑን አጥፋውና አብራው። የአምራቹ ምልክት እንደታየ ኢስኬፕን አንዴ ጫን። ማሽኑ የቆየ ከሆነ ሺፍትን ይዘህ ጠብቅ። ግረብ የሚባለው ሜኑ ይመጣል። ሁለተኛው መስመር አድቫንስድ ኦፕሽንስ ይላል፤ እሱን ክፈት። የከርነሎቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው አለልህ። ከላይ ያለው አዲሱ ነው። ቀጥሎ ያለውን፣ ሪከቨሪ ሞድ የማይለውን መርጠህ ኢንተር በል።

ዴስክቶፑ ከመጣልህ ግማሹን መንገድ ጨረስክ። ፋይሎችህ እንዳሉ ናቸው። ችግሩ አዲሱ ከርነል ጋ እንደሆነም አወቅክ።

ካልመጣ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ወደ ግረብ ተመለስ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመህ የላቲኗን ኢ ጫን። ጽሑፍ ይከፈታል። ሊነክስ በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልግና መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትተህ ኖሞድሴት ብለህ ጨምር። ከዚያ ኤፍ10። ይህ ቃል ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን በራሱ መንገድ እንዳያዘጋጅ፣ በተራው አሠራር እንዲያልፍ ይነግረዋል። ስዕሉ ይደበዝዝ ይሆናል፤ አትደንግጥ። የጻፍከውም ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ነው የሚሠራው፣ በቀጣዩ መነሳት አይኖርም። አንዴ ከገባህ ድራይቨሩን እንደገና መጫን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ አንተም አልፈኸው ሊሆን ስለሚችል በደንብ ላስረዳህ። ሲኪዩር ቡት የሚባለው የማስነሻ ጥበቃ የበራበት ማሽን የታወቀ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አይቀበልም። ስለዚህ ድራይቨሩ ሲጫን ኡቡንቱ የአንድ ጊዜ ፓስወርድ እንድታወጣ ሊጠይቅህ ይችላል። ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይጠብቅሃል። አብዛኛው ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ያኔ የፊርማው ቁልፍ አይመዘገብም፣ ድራይቨሩም አይነሳም። ያንን ገጽ ካየህ ማንኛውንም የኪቦርድ ቁልፍ ነካ አድርግ፣ ኢንሮል የሚለውን ምረጥና ያወጣኸውን ፓስወርድ ስጠው።

ሌላው የምጠረጥረው ቡት የሚባለው፣ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል መሙላቱን ነው። ኡቡንቱን ስትጭን ዲስክህን በፓስወርድ ቆልፈኸው ከሆነ ቡት ለብቻው ትንሽ ክፍል ይሰጠዋል፤ አሮጌ ከርነሎች ሲጠራቀሙበት ይሞላል። አዲሱ ከርነል ሲመጣ ፋይሎቹ ሳያልቁ ይቀራሉ፤ ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ላይነሳ ይችላል። ይህም በዲኤፍ ይታያል። መድኃኒቱ አፕት በሚባለው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛና ማንሻ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ አፕት አውቶሪሙቭ ነው፤ የማያስፈልጉትን ከርነሎች ራሱ ለይቶ ያነሳቸዋል። አደራ፣ ፋይሎቹን በእጅህ እየመረጥክ አታጥፋ።

ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ መዝገቡን አንብብ። ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1 ብትለው ካሁኑ በፊት በነበረው መነሳት የተጻፈውን በሙሉ ያሳይሃል። ቀይ መስመር ታያለህ፣ ብዙ። ደህና በሆነ ማሽን ላይም ቀይ አይጠፋም፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ሁሉ ነገር የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ዓይንህን መጀመሪያ ላይ በታየው ስህተት ላይ አሳርፍ። ከታች ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የሱ ልጆች ናቸው። መልእክቱን እንዳለ ቅዳና ፈልገው። ከአንተ በፊት የደረሰበት ሰው አይጠፋም። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1991 ሥራውን ለሰው ሲያሳውቅ፣ ሆቢ ነው ብሎ፣ ሰዎች ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ እንዲነግሩት ነበር የጠየቀው። እስከ ዛሬም የቆመው የደረሰበት ላልደረሰበት እየነገረ ነው። ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ።

አፕት ‹‹ተቆልፏል፣ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል›› ቢልህ የቁልፉን ፋይል እንዳታጠፋ። ብዙ ቦታ አጥፋው የሚል ምክር ታገኛለህ፤ መጥፎ ምክር ነው። ከጀርባ አፕዴት እየሠራ ነው፣ ጠብቀው። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ከሆነ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ የሚለው ትእዛዝ ካቆመበት ያስጨርሰዋል። ዊንዶውስም አብሮ ካለና ሰዓትህ ከተዛባ ማሽኑ አልታመመም። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል፣ ሊነክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን፤ አንዳቸውን ማስማማት ይበቃል። የዊንዶውሱ ክፍል መጻፍ ከከለከለህ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ፋስት ስታርታፕ የሚለውን አጥፋለት። ዋይፋይ ከጠፋብህ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ኢንተርኔቱን አጋራው፣ የጎደለውን ድራይቨር በዚያ ታወርዳለህ።

አንድ ነገር ብቻ አስምርበት፦ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይር። አንዱን ቀይር፣ አስነሳ፣ እይ፣ ጻፈው። እኔ ደብተር ይዣለሁ። ምን እንደቀየርኩ፣ ማሽኑ ምን እንዳለኝ፣ ከነቀኑ። አምስት ትእዛዝ ከዚህም ከዚያም ለጥፈህ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቅም። ቢብስ ደግሞ የትኛውን እንደምትመልስ አታውቅም።

ከሁሉም በፊት ግን ፋይሎችህን አውጣ። የኡቡንቱን ፍላሽ ሰካና ከሱ አስነሳ፤ ሲጠይቅህ ጫን ሳይሆን ሞክር የሚለውን ምረጥ። ዲስክህ ላይ ምንም አይነካም። ፋይሎቹን የሚያሳየውን መስኮት ክፈት፣ ዲስክህ በጎን ይታያል። የተቆለፈ ከሆነ ፓስወርዱን ስጠው። ሆም የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ተገልብጦ ሲያልቅ ሁለት ሦስቱን ከፍተህ አረጋግጥ። ያን ማታ ፍላሹ እጄ ላይ ነበር። ይህንኑ ማድረግ ስችል ነው ያላደረግኩት።

አንድ የቀረኝ አለ፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። መጨረሻ የተገናኘን ዕለት አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥተህ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ስታስገባ ነበርኩ። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥከው። አለ? ያኔ ፎርማት አድርገን ኡቡንቱን ስንጭን የተጻፈበት የዲስኩ ጥቂት ክፍል ነው። በቀረው ላይ የነበረው ነገር፣ ሌላ ካልተጻፈበት፣ አሁንም ሊኖር ይችላል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ፎቶዎችን ፋይላቸው በተጻፈበት ቅርፅ ይለያል። ስማቸውንና ፎልደራቸውን አይመልስም፣ የተጻፈባቸውንም አያድንም። በሌሎች ዲስኮች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ብዙ፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አላገኘሁም። እርግጠኛ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም።

ካለህ ግን እንዳትሰካው። ትልቅ ባዶ ዲስክ አለኝ፣ ይዤው እመጣለሁ። መጀመሪያ ዲዲ-ሬስኪዩ በሚባል ፕሮግራም እንዳለ ገልብጠን፣ ዋናውን ሳንነካ በግልባጩ ላይ እንሠራለን። ሰዓታት ይወስዳል። አብሬህ እቀመጣለሁ።

ቅዳሜ ፎርማት ልታደርግ ባሰብክበት ሰዓት ብመጣ ቤት ትኖራለህ?

ያንተው ወዳጅ